የተገነጠለው የሸራ ጥግ

ካፒቴኑን ከጀልባዋ ያወረዱት በትርፍ ሸራ ጠቅልለው ነው። ቃሬዛ ይምጣ የሚል አልነበረም፤ ማዕበሉ ከኋላቸው ደርሶ የወደቡን ድንጋይ ይደበድባል፣ ዝናቡ ፊት ይገርፋል፤ አራት ሰዎች ተሸክመው እስከ ቤቱ ደጃፍ አመጡት። ሚስቱ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሸራውን ነበር። ልጇ ሸራ ሰፊ ነው፤ ስፌቱን ከሩቅ ትለያለችና ለጥገና የመጣ ሥራ መስሏት መንገድ ለቀቀች። ከዚያ የባሏን ጫማ አየች፤ ጠዋት ራሷ ያሰረችለትን ጫማ። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች።

በወደቡ ያለ ሰው ሁሉ ይህችን ሴት «እትዬ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ አጥባ አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ስታገባም ከጓዟ ጋር ይዛው መጣች። ካፒቴኑ «ሚስት ሳገባ ልጅ ተመረቀልኝ» እያለ ይቀልድ ነበር። ያ ልጅ አድጎ በጀልባዋ ላይ ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለ ሰው ሆነ፤ የእናት የአባት ስሙ ተረስቶ «ምክትሉ» ተባለ። ካፒቴኑ ሲያረጅ መሪውን የሚረከበው ምክትሉ ነው እየተባለ ሃያ ዓመት አለፈ። ካፒቴኑ ደግሞ ለማርጀት የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

የሆነውን የተናገረው ምክትሉ ነው። በዚያን ቀን ማዕበል እንደሚመጣ በሬዲዮ ስለተነገረ፣ ካፒቴኑ ጀልባዋን ወደ ባሕር ከገባው ኮረብታ ባሻገር ወዳለው የተከለለ ዳርቻ ሊያዛውራት ወሰነ። ከመነሳታቸው በፊት ሸራውን አሳጠሩት። ከባድ ነፋስ ሲጠበቅ ሸራ ሙሉውን አይዘረጋም፤ ወንዝ የሚሻገር ሰው ሱሪውን እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ የሸራው የታችኛው ክፍል ይጠቀለልና ይታሰራል። የፊትና የኋላ ጥጎቹ ላይ ያሉት ሁለት የብረት ቀለበቶች በወፍራም ገመድ ተወጥረው ጉልበቱን ሁሉ ይሸከማሉ። በመሃል የተደረደሩት ትንንሽ ማሰሪያዎች ግን የተጠቀለለው ጨርቅ እንዳይንዘላዘል ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። የኋላውን ቀለበት በአዲስ ክር የሰፋው የካፒቴኑ አንድያ ልጅ ነበር።

መንገድ ላይ ነፋስ መጣ አለ ምክትሉ። የኋላው ጥግ ከነቀለበቱ ተገነጠለ፤ ሸራው አበደ፤ ካፒቴኑ ሊይዘው ሲሮጥ አግዳሚው፣ የሸራው ታች የሚታሰርበት ያ ወፍራም እንጨት፣ ተወርውሮ ጭንቅላቱን መታው። በጀልባዋ ላይ የነበረው ሦስተኛ ሰው ዝምታ የሚሉት ሠራተኛ ነው። እሱ በዚያን ጊዜ ታችኛው ክፍል ውስጥ ሆኖ የገባውን ውሃ በእጅ ፓምፕ ይቀዳ ነበር። ዝምታ በዚያው ሰሞን ከካፒቴኑ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ፖሊስ ዓይኑን ጣለበት፤ ምክትሉ ግን ቶሎ ብሎ መሰከረለት። መሪው ላይ ሆኖ ፓምፑ ውሃውን በጀልባዋ ጎን ሲተፋ ሳያቋርጥ ያይ እንደነበር ተናገረ። የሰሙት ሁሉ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ ለሰው ያስባል ብለው አመሰገኑት።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እትዬ፣» አላት እግሯ ሥር ተቀምጦ፣ «ብችል እኔ በሞትኩለት።»

አቅፋው አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ እንባውም የውሸት አልነበረም፤ የኋላ ኋላ ከሁሉ የከነከናት ይኸው ነው።

ከወደቡ ጣቢያ የመጡ ሁለት ፖሊሶች የተነቀለውን ቀለበት አዩ፣ የተበጠሰውን ክር አዩ፤ ለእነሱ ነገሩ አለቀ። ልጁን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጠርጥረው ወሰዱት። ልጁ አልተከራከረም። «አጥብቄ ሰፍቼው ነበር» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም፤ እስር ቤትም እህል እምቢ አለ። እትዬ ባሏን ያጣችው በልጇ እጅ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማጣቷ ነበር፤ ልጁ ነገ ቢፈታ እንኳ አባቴን ገደልኩ እያለ የሚኖር ሰው ልጅ አይባልም።

በማግስቱ ማዕበሉ ሲበርድ ፋይሉን እንድትዘጋ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት መርማሪ ተላከች። አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቦርሳዋ ከራሷ የሚከብድ ይመስላል። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እስቲ ልየው» ይሏታል፤ ምንም ነገር ሲነግሯት የምትመልሰው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ፋይል ዝጊ ሲሏት የምትከፍት ሴት ናት ብለውም ያሟታል።

አስከሬኑን ሆስፒታል አይታ በቀጥታ ወደ እትዬ ቤት መጣች። የቀረበላትን ወንበር ሳትቀመጥበት ቆማ ጠየቀች።

«ጫማውን ያሰሩለት እርስዎ ነዎት?»

«በምን አወቁ?»

«ቋጠሮው የዞረው ወደ ውጭ ነው። ከፊቱ ተንበርክኮ ያሰረለት ሰው አለ።»

እትዬ በዚህ ሁሉ መሃል ትንሽ ፈገግ አለች። ከሞቱ በፊት በነበረው ቀን ገመድ አምልጦ የባሏን ቀኝ እጅ ልጦት ነበር። እንደ ልማዱ ምንም አይደለም ቢልም፣ እሷ መድኃኒት ቀብታ አራቱንም ጣቶች አንድ ላይ ጠቅልላ አሰረችለት። ማንኪያ የሚይዘው በግራው ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለትም እሷ ነበረች።

«በዚህ እጁ ጀልባ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?»

«እኔም ይህንኑ ብዬው ነበር። ለመቆጣት እጅ አያስፈልግም አለኝ። መሪውን ወንድሜ ያዘለት።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ ካፒቴኑ ቢያርፍ መሪውን ማን ይረከብ እንደነበር ጠየቀቻት። እትዬ የሻሿን ጫፍ አስተካከለች፤ እሱ የወንዶቹ ጉዳይ ነው፣ እነሱ ያውቃሉ አለች። እውነቱን አልነበረም የተናገረችው። ግን ባል ሞቶ ልጅ ታስሮ ሳለ ያ ነገር ትንሽ መሰላት፤ ሟች ያልተናገረውን እኔ ምን አስለፈለፈኝ ብላ ዋጠችው።

ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት የልጁ የሸራ መስፊያ ነው። ወለሉ ሰፊ ሳንቃ ነው፣ ሸራ ተዘርግቶ እንዲሰፋበት፤ ግድግዳው ላይ መርፌዎች፣ የሰም ክሮች፣ መዳፍ ላይ የሚታሰር የቆዳ መርፌ መግፊያ ተሰቅለዋል። ያን የቆዳ መግፊያ ለልጁ መዳፍ ለክቶ የሰፋለት ምክትሉ ነው፤ መርፌ አያያዝም ያስተማረው እሱ ነው። አሁንም ቁልፉን ይዞ ወርዶ ሸራውን ዘረጋላቸው።

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ በጉልበቷ ሄደችበት። መነጽሯን አድርጋ የተበጠሰውን ክር አየች፤ በስለት አልተቆረጠም፣ ተወጥሮ ነው የተበጠሰው። ምክትሉ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እያዘነ፣ ክሩ ነው የከዳን፣ በልጁ ግን አትፍረዱበት፣ ገና እየተማረ ነው አለ። እትዬ ይህን ስትሰማ ወንድሟን በልቧ መረቀችው።

«እነዚህ ትንንሾቹስ?» አለች መርማሪዋ ከመሃል ካሉት ማሰሪያዎች አንዱን አንሥታ። «እንዴት ነው የሚታሰሩት?»

ምክትሉ ወስዶ አሰረላት። ጣቶቹ ዓይን ሳይፈልጉ ነው የሠሩት። ጫፉን አንዴ ሳብ ሲያደርገው ቋጠሮው ተፈታ፤ በጨለማም ሆነ በብርድ ቶሎ እንዲፈታ ተብሎ እንደዚያ እንደሚታሰር ነገራት።

«ጀልባዋ ከገባች ወዲህ ይህን ሸራ የነካው አለ?»

«ማንም። ያን ዕለት እንዳለ ጠቅልለን ነው እዚህ የጣልነው። ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው።»

«ባሕሩ ላይስ? ከተገነጠለ በኋላ?»

«የተገነጠለ ሸራ ማን ይጠጋዋል? ክንድ ይሰብራል።»

አመስግናው ተነሣች። እትዬ ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ መርማሪዋ ጫማዋን ስታጠልቅ ማሰሪያዎቹን ዳር እስከ ዳር በዓይኗ ትከተላቸው ነበር። ሁሉም ተፈትተው፣ ለስልሰው፣ እንደ ታጠበ የጫማ ክር ተንጠልጥለዋል። የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችም እንደ አዲስ ክብ ናቸው።

ዝምታን የገመድ መጋዘኑ ውስጥ አገኙት። ለፖሊስ አፉን እንደማይከፍት ስለታወቀ እትዬ አብራ ሄደች፤ እሷ ለዓመታት ያበላችው ሰው ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለእሱ ያወጡለት ይመስላል፤ የጠየቁትን ብቻ ይመልሳል፣ እሱንም ቆርሶ። መርማሪዋ የገመድ ጥቅልል ላይ ተቀመጠች።

«ታች ሆነው ምን ሰሙ?»

«ውሃ።»

«ሌላስ?»

«አግዳሚው ከላይ ሲያልፍ። ከዚያ የወደቀ ነገር።»

«ከዚያ በፊት ሸራው ሲጮህ ሰምተዋል?»

ዝምታ እትዬን አያት፤ በራሷ ነቅነቅ ስታደርግለት መለሰ። የተለቀቀ ሸራ በነፋስ ውስጥ እንደ ጠመንጃ ነው የሚጮኸው፣ የሞተ ይቀሰቅሳል፤ ያን ዕለት ግን አልጮኸም። ዋናው ነፋስ ገና አልደረሰም ነበር። ከወደቀው ነገር በኋላ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ቆይቶም ገመድ የሚወጠርበት ብረት ሲንጫረር ሰማ። ካፒቴኑ ሳልጠራህ እንዳትወጣ ስላለው ፓምፑን አልተወም።

«አግዳሚው ከማለፉ በፊትስ? ድምፅ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ለእትዬ አንድ ነገር ሊገባት ብልጭ አለና ጠፋ። ልብ አንዳንዴ የማይፈልገውን እንዳያውቅ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ይህን ለፖሊሶቹ ለምን አልተናገሩም?» አለች መርማሪዋ።

«ማን ጠየቀኝ?»

በዚያው ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም መስፊያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጁ ከጣቢያ በሁለት ፖሊሶች መሃል መጣ፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ። እትዬ ልትነካው ስትል እጁን ሰበሰበ፤ የገዳይ እጅ መስሎታል። ምክትሉ ወንበር አቀረበለት። ዝምታ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሸራው በመሃላቸው ተዘርግቷል።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች። «ሸሚዝ የለበሰ ሰው ደረቱ ላይ ተይዞ ቢጎተትና አንዱ ቁልፍ ቢበጠስ፣ ጉልበቱ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ይሄዳል፤ እሱም ይበጠሳል። ይህም ሸራ እንዲሁ ነው። የኋላው ቀለበት በነፋስ ቢነቀል፣ የነፋሱ ጉልበት ሁሉ አጠገቡ ወዳሉት ትንንሽ ማሰሪያዎች ይዞር ነበር። እነሱ ለዚያ አልተሠሩም። ቀዳዳዎቻቸው ይቀደዱ፣ ቋጠሮዎቹ እንደ ድንጋይ ይጠብቁ ነበር። እዩዋቸው። ቀዳዳው አልሰፋም፤ ቋጠሮው አንድ በአንድ ተፈትቷል። ስለዚህ ቀለበቱ ሲነቀል ማሰሪያዎቹ ቀድመው ተፈትተው ነበር።»

ልጁ ቀና አለ። የሸራ ነገር ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱን ነው።

መርማሪዋ ቀጠለች። ከተገነጠለ በኋላ ማንም እንዳልተጠጋው፣ ከባሕር ከመጣም በኋላ ማንም እንዳልነካው ምክትሉ ራሱ ነግሯታል። እንግዲያ ከመገንጠሉ በፊት የፈታቸው ሰው አለ። በጀልባዋ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ካፒቴኑ አራት ጣቱ ታስሮ፣ የጫማውን ክር እንኳ ሚስቱ ናት ያሰረችለት። ዝምታ ፓምፑ ላይ ነበር፤ ውሃው ሳያቋርጥ ሲወርድ አይቻለሁ ብሎ የመሰከረለት ምክትሉ ነው።

ሁሉም ምክትሉን አዩት። እሱ ግን እህቱን ነበር የሚያየው።

«ሸራ ሊያበላሽ የተነሣ ሰው ስለ ትንንሾቹ ማሰሪያዎች ምን አስጨነቀው ትሉ ይሆናል» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በደንብ የተማረ ባሕረኛ ጥግ ከመንካቱ በፊት መሃሉን ይፈታል፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ። እርስዎም ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠሩ ኖረዋል። ጭንቅላትዎ ሸራውን ሊቀድ ሲያስብ፣ እጅዎ ግን ከልማዱ አልወጣም። ከዚያ ገመዱን ብረቱ ላይ ጠምጥመው ቀለበቱ እስኪነቀል ወጠሩት። ዝምታ የሰማው መንጫረር እሱ ነው። የሰማው ደግሞ ካፒቴኑ ከወደቀ በኋላ ነው። የልጁ ስፌት ማንንም አልገደለም።»

«አግዳሚው ነው የገደለው» አለ ምክትሉ። «ኮረብታውን ለማለፍ መዞር ነበረብን። ነፋሱ ከሸራው ጀርባ ሲገባ አግዳሚው ያልፋል። ይህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። መሪ የያዘ ሰው ጀልባ ከማዞሩ በፊት ምን ይላል?»

 የመለሰው ምክትሉ ሳይሆን በሩን የተደገፈው ሠራተኛ፣ ዝምታ ነው።

«‹ራስ!› ብሎ ይጮኻል። ሰው ጎንበስ እንዲል። ታች ድረስ ይሰማል። አልጮኸም።»

ብልጭ ብሎ የጠፋባት ነገር አሁን መጥቶ እትዬ ደረት ላይ ተቀመጠ። ምክትሉ ግን ገና ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ነፋስ ነበር፣ አልተሰማ ይሆናል ማለት ጀመረ። ልጁ አቋረጠው። ከታሰረ ወዲህ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር ይህ ነው።

«አጎቴ፣ ስፌቴ ደህና ነበር?»

ምክትሉ የእህቱን ልጅ አየው። ከዚያ ፊቱ ፈረሰ።

«ደህና ነበር፣ ልጄ። ሁለት እጄን ሰጥቼ፣ በሙሉ ክብደቴ ተጭኜ ነው የነቀልኩት። እምቢ ሲለኝ ቆይቷል። እኔ ያስተማርኩህ ስፌት አይደል።»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። የቀረው ሳይጠየቅ ወጣ። ካፒቴኑ ምሰሶው ሥር ቆሞ፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ከማዕበሉ በኋላ መሪው የልጁ እንደሚሆን ነገረው፤ አንተ ታስተምረዋለህ አለው፣ የምሳ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። የመዞሪያው ሰዓት ደርሶ ነበር። ምክትሉ መሪውን አዞረ፤ ‹ራስ!› የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ፤ አላወጣውም። ከዚያ የወደቀውን ሰው እያየ፣ ልጁም ከመንገዱ ቢነሣ መሪው የት ይሄዳል ብሎ አሰበ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለእትዬ እስከዚያች ቀን ተረት ብቻ ነበር።

«ልጄን» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ባሌን እሺ ተናደድክበት። ልጄን አባቱን ገዳይ ልታደርገው? አዝዬ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው?»

ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲጠጉ መርማሪዋ በእጇ አቆየቻቸው። ምክትሉ ተነሥቶ እህቱ ፊት ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እትዬ። እውነቱን ንገሪኝ። ታውቂ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። መርማሪዋ ግን የሻሹን ጫፍ ታስታውሳለች፤ ዓይኗን ሳትነቅል እያየቻት ነበር።

«አውቅ ነበር» አለች እትዬ። «የለመንኩት እኔ ነኝ። መሪው ለልጄ ይሁን ብዬ። እሱስ ለአንተ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ብዙ ጊዜ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

«በየቀኑ እኮ እጅሽ ላይ ነው የምበላው።»

«ይከፋሃል ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«እንግዲያ አንቺም አልጮኽሽም» አለ ምክትሉ፣ ሳይቆጣ። እጁንም ራሱ ለፖሊሶቹ ዘረጋ።

ሲወስዱት ዝምታ በሩን ለቀቀ። መርማሪዋ ቦርሳዋን አንሥታ ለልጁ ነጻ እንደሆነ ነገረችው፤ ለእትዬም እግዜር ያጽናዎት ብላ ወጣች። መስፊያው ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። እትዬ ልጇን ልታቅፍ ተጠጋች፤ ልጇ አልሸሻትም፣ እሱም ግን አላቀፋትም።

«ባሕር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፣ እማዬ» አላት። «መስፋት ነው የምፈልገው ብዬሻለሁ። መሪውን እኔ መቼ ጠየቅኩሽ?»

 ልጇ መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ ብሎ ሸራውን ብቻውን ማጠፍ ጀመረ። አንዱን ጫፍ ልትይዝለት እጇን ስትዘረጋ፣ ተይው አላት።